ቤት ለእንግዳ፣ ሕጉስ ለማን?

(በዋሽንግተን ዲሲ ቤታቸውን ለአጭር ጊዜ እንግዳ የሚያከራዩ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። የእሁድ ቡናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ወሬዬን ከአንድ ሻንጣ ልጀምር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ባለ አራት ጎማ ሻንጣ ነው። እኔ የምኖርበት መንገድ የእግረኛው መሄጃ በጡብ የተነጠፈ ሲሆን፣ ጡቡን የዛፍ ሥር ከታች እየገፋ አጎባብጦታል። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የደረሰ እንግዳ ያንን ሻንጣ በዚያ ጡብ ላይ ሲጎትት ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። ጠዋት ቆሻሻ ላወጣ ስል ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ ቤት የኖሩ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት፣ የባላቸውን አስከሬን የሸኙበት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። አልተቆጡም። "ማታ የመጣው ሰው ዘመድህ ነው?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። "በዚህ ወር የመጣ አሥራ አንደኛ ዘመድህ መሆኑ ነው። የታደልህ ነህ፣ ሰፊ ቤተሰብ አለህ" ብለው በሩን ዘጉ።

ይህ የሆነው በ2016 ነው። አንድ የማትረባ "አዎ" ስንት ዓመት እንዳስከፈለችኝ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ይህ ከተማ የዞን ታሪፍ፣ ማለት የታክሲ ዋጋ በሚታለፈው ቀጠና የሚተመንበት ደንብ፣ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ፣ በ2008 ሜትር ሲገባ አብረን የጮኽን እዚህ አላችሁ። ከዚያ በ2011 መጨረሻ ኡበር፣ በስልክ መኪና የሚያስጠራው መተግበሪያ፣ መጣ፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ገቢዬ እየሳሳ ሲሄድ ቤታችን ውስጥ ባዶ የነበረው ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ ብቻ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር የራሱ በር ያለው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት። እንደ ልማዳችን ለዓመታት ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሁሉ ያረፈበት ነው። መጨረሻ ላይ የነበረው የአጎቴ ልጅ አግብቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ባዶ ቀረ። ልጄ ሶፋውን አስተካክላ፣ መሶበ ወርቁን ከላይ አውርዳ ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ ፎቶ አንሥታ ኤርቢኤንቢ የሚባለው ቤት ለእንግዳ የሚከራይበት መተግበሪያ ላይ አወጣችው። በሦስተኛው ቀን ከኦሃዮ አንድ ባልና ሚስት መጡ። አንድ የስልክ መተግበሪያ የነጠቀኝን ሌላ የስልክ መተግበሪያ ሲመልስልኝ ለማመስገን ቸኮልኩ። የመጀመሪያው እንዴት እንደነጠቀኝ አስቤ ቢሆን ኖሮ ግን ትንሽ ቆም እል ነበር።

ቆም ያለችው ባለቤቴ ናት። እሷ ሃያ ዓመት ያህል ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፋለች፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል ናት፤ ጡረታዋም የጤና ዋስትናዋም ማኅበሩ ተደራድሮ ያመጣው ነው። "አንተ ታች የምታስተኛው ሰው እኮ እኔ አልጋ የማነጥፍለት ሰው ነበር" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በዚህ ከተማ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር የአጭር ጊዜ ኪራይ ጠበቅ ያለ ሕግ እንዲወጣለት ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ነበር፤ ከአባላቱ መካከል ደግሞ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርበን "እኛ ስደተኞች፣ ትንንሽ ሰዎች" ስንል፣ በወዲያኛው ወንበር የተቀመጡትም ስደተኞችና ትንንሽ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ። በእኔ ቤት ሁለቱም ወገን አንድ ማዕድ ይቀርባል።

አሁን ወደ ሕጉ። በቤት ውስጥ የሰማችሁትና በወረቀት ያለው ስለሚለያይ ቀስ ብዬ ልናገር።

ረቂቁን በ2017 ያቀረቡት ያኔ የምክር ቤት አባል የነበሩት ኬንያን ማክደፊ ናቸው። ምክር ቤቱ በኅዳር 2018 አጸደቀው። ነገር ግን የከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ይህን ዓይነት ኪራይ አይፈቅድም ነበርና፣ ያ ደንብ እስኪስተካከል ነገሩ ተንጓተተ፤ ፈቃድ መስጠት የተጀመረው በጥር 2022፣ ቁጥጥሩ ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። እነዚያን ከሦስት የበለጡ ዓመታት ብዙዎቻችን "ሕጉ ቀርቷል" እያልን አሳለፍናቸው። አልቀረም ነበር።

የሚለው ይህን ነው። ማከራየት የምትችለው ዋና መኖሪያህን ብቻ ነው፤ የምትኖርበትን። ቤት ውስጥ እያለህ አንድ ክፍል ወይም ቤዝመንቱን ብታከራይ የሌሊት ገደብ የለብህም። አንተ ሳትኖር ቤቱን በሙሉ ከለቀቅህ ግን በዓመት ከ90 ሌሊት አታልፍም። ፈቃዱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ቢያንስ የ250,000 ዶላር የተጠያቂነት መድን፣ የጢስና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ፣ ለከተማው ዕዳ የሌለብህ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግሃል፤ ታክሲ ለነዳን ሰዎች ይህ የመጨረሻው ወረቀት ስንት ያረጀ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት እንደሚቀሰቅስ አልነግራችሁም። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ለሁለተኛ 2,000፣ ለሦስተኛ 6,000 ዶላር ነው። ግብሩን እኛ በእጃችን አንከፍልም፤ ኤርቢኤንቢ ከ2015 ጀምሮ ከእንግዳው ሰብስቦ ለከተማው ያስገባል። "ግብር አይከፍሉም" ስትባሉ ዝም የምትሉ ሰዎች ይህን ያዙ።

እኔ ይህን ሕግ በዋናው ነገሩ ትክክል ነው እላለሁ። አዳራሹ ሲንጫጫ እየሰማሁ ነው፤ ልጨርስ።

አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ አሥር አፓርታማ ይዞ፣ በአንዱም ሳያድር፣ ቁልፉን በር ላይ በተሰቀለ የቁጥር ሳጥን እያስቀመጠ በሌሊት ሒሳብ ሲያከራይ፣ እነዚያ አሥር ቤቶች ለነዋሪ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ተከራይቶ የኖረ ኢትዮጵያዊ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ግማሹ ሜሪላንድ፣ ግማሹ አሌክሳንድሪያ ነው። ኪራዩን ያስወደደው ይህ ብቻ አይደለም፤ የለበትም የሚል ግን አላምነውም። በአንዱ በር ቤት ተወደደብን እያልን በሌላው በር ቤት ከገበያ የምናወጣ ከሆነ አድማጭ አናገኝም።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤት ያላችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከስብሰባው በፊት ሁለት ሰዎች ጠርተውኝ "እሱንም ለምክር ቤቱ በምናቀርበው ጥያቄ ውስጥ ክተተው" ብለውኛል። አልከተውም። ላባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለዓመት ለሚቆይ ተከራይ አከራዩት። የእኛን ቤዝመንትና የእናንተን ሁለተኛ ቤት በአንድ ማመልከቻ ብናስገባ፣ ምክር ቤቱ ሁለቱንም በአንድ እጅ ይጥላቸዋል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ሕጉ የሚቆረቁርበት ቦታ አለ። ደግሞ የሚቆረቁረው በተለይ እንደ እኛ የሚኖረውን ሰው ነው።

የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። ፈቃድ ለማግኘት ሆምስቴድ የሚባለውን የንብረት ግብር ቅናሽ የምታገኝ፣ የቤቱ ባለቤትና ነዋሪ መሆን አለብህ። ለፈረንጅ ይህ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ቤት እንዴት እንደሚገዛ እናውቃለን። ወንድም ክሬዲቱ ጥሩ ስለሆነ በእሱ ስም ይገዛል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከዕቁብ ይወጣል፤ ወርሃዊውን የምትከፍለው እኅት ናት፤ የምትኖርበትም እሷ ናት። ወንድም ደግሞ ትዳር መሥርቶ ቨርጂኒያ ይኖራል። በወረቀት ላይ ባለቤቱ የማይኖርባት፣ የምትኖርባት ደግሞ ባለቤት ያልሆነች ቤት ናት። አንዲት እናት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው መጥተው አብሬያቸው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ኋላ ያለው ልጅ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አገላብጦ "እርስዎ ማን ነዎት?" አላቸው። "እኔማ የቤቱ ሰው ነኝ" አሉት። እኔ ላስተረጉምለት ብዬ ቃሉን አጣሁት። "የቤቱ ሰው" የሚባል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ይህን ማስተካከል የማይቻል ነገር አይደለም። የከተማው ወሰን የሆነውን ኢስተርን አቬኑን ተሻግራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገቡ የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ ነው የሚሠራው፤ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እዚያ ፈቃድ የሚያወጣው ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የፈቀደለት ነዋሪ ነው። ነዋሪው ቤት በማይኖርበት ጊዜም ገደቡ በዓመት 120 ቀን ነው። ካውንቲው አልፈረሰም፤ ሰፈሩም ሆቴል አልሆነም። መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው ልዩነቱ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ከዚህ ይወጣል፤ ባለቤቱ በጽሑፍ ለፈቀደለት እውነተኛ ነዋሪ በር ይከፈት።

ሁለተኛው ዘጠናው ሌሊት ነው። ሰው ለሥራ ወይም ለጤና ጉዳይ ከከተማ ለረጅም ጊዜ ሲርቅ ከገደቡ ነጻ እንዲደረግ የሚጠይቅበት አግባብ አለ። መልካም። እኛ ግን የምንርቀው እንዴት ነው? እናት አገር ቤት ታመመች ተብሎ ይኬዳል፤ ትሰነብታለች፤ ታርፋለች፤ አርባ ይወጣል፤ ከዚያ የወንድማማች የቤት ክርክር ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮውን ለሁለት ወር ያሸጋግራል። ስድስት ወር እንዲሁ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ሁሉ የዲሲው የባንክ ዕዳ በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል፤ ባንክ የአርባ ቀን ኀዘን የለውም። ስለዚህ ቤተሰብ ለማስታመምና ለቀብር ከአገር የወጣ ሰው በማስረጃ ገደቡ እንዲነሣለት፣ ማስረጃውም በአማርኛ የተጻፈ የሆስፒታል ደብዳቤ ሲሆን እንዲቀበሉት በግልጽ እንጠይቅ።

ስለ አማርኛ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ የምንለምነው የለም፣ የተሰጠንን ነው የምንጠይቀው። በዚህ ከተማ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛ በዚያ ሕግ ከሚያገለግሉት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአሜሪካ ዋና ከተማ ማለት ነው! መስኮት ላይ ስትቆሙ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታምጡ። "አማርኛ" በሉና ጠብቁ። ስልክ ይደውላሉ፤ አስተርጓሚ ይመጣል። አልመጣም ካሉ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።

ስለ ኮንዶሚኒየም ማኅበራት አላስረዝምም። ማኅበሩ ካልፈቀደ ሕጉ አያድናችሁም፤ መተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቡ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን ላንሣ፤ "ኩባንያው ጠበቃም ገንዘብም አለው፤ ለምን እሱ አይናገርልንም?"

ሳን ፍራንሲስኮ የኤርቢኤንቢ የትውልድ ከተማ ናት። በ2015 ኪራዩን በዓመት በ75 ሌሊት የሚገድብ የሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ኩባንያው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ተከራከረና አሸነፈ። ከምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል በፊት ግን በከተማው ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ ደብዳቤ አስመስሎ፣ ከከፈልነው 12 ሚሊዮን ዶላር የሆቴል ግብር ጥቂቱን አምሽታችሁ ለመክፈት እንደምታውሉት ተስፋ እናደርጋለን የሚል ዓይነት ሹፈት። የከተማው ሰው ቱግ አለ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስታወቂያውን አነሣ። ያን ቀን የተሰደበው ኩባንያው ብቻ አልነበረም። ጓዳዋን አከራይታ የልጇን ትምህርት የምትከፍል ሴትዮም አብራ ተሰደበች። ግብር መክፈል እንደ ውለታ የሚቆጠርበትን ቋንቋ እሷ አልተናገረችም፤ ግን ሰፈርተኛው በስሟ የተነገረ አድርጎ ሰማው። በዚያ ላይ በሚቀጥሉት ዓመታት ከተማው ሕጉን እያጠበቀ ሄደ፤ ድምፁን ያሸነፉት፣ ሰፈሩን አላሸነፉትም።

ኒውዮርክን ተመልከቱ። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች ማከራየት የሚችለው የተመዘገበ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ ሁሉ አብሮ የሚኖር፣ ከሁለት እንግዳ በላይ የማያስገባ ሰው ብቻ ሆነ። ሕጉ የታለመው ሕንፃ ሙሉ ወደ ሆቴል ለሚለውጡት ነበር፤ የተመታው ግን ብሩክሊንና ኩዊንስ ውስጥ ባለ ሁለት ቤተሰብ ቤቷን ከፍላ የምታከራየው ጡረተኛም ናት። እነዚያ ባለቤቶች ሕጉ እንዲስተካከልላቸው መሰባሰብ የበረቱት ሕጉ ከጸና በኋላ ነው። የእኛ ሕግ ከእነሱ እጅግ የለሰለሰ ነው። ቤዝመንታችን የተፈቀደልን ስለተወደድን እንዳይመስላችሁ። ሊጠብቅ ይችላል፤ ቅሬታ በበዛ ቁጥር ይጠብቃልም። ያኔ መዝገብ ላይ የእኛ ስም ይኖራል ወይስ አይኖርም ነው ነገሩ።

ምክር ቤት ፊት ስለመናገር፣ ከራሴ ውርደት ልጀምር። ረቂቁ ሲታይ ተመዝግቤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ዊልሰን ሕንፃ ሄድኩ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ፊት ለፊትህ ይቆጥራል። እኔ እንዳደግሁት ሰብሳቢውን በማዕረግ ሰላም አልኩ፤ አባላቱን አመሰገንኩ፤ ለዚህ ቀን ያደረሰኝን አምላክ አመሰገንኩ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደመጣሁ፣ ስንት ልጆች እንዳሉኝ ተናገርኩ። "እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ" ስል ቀዩ መብራት በራ። ሰብሳቢው "እናመሰግናለን" አሉኝ። ባለቤቴ ከኋላ ሆና ሳቋን አፈነችው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ስሜንና ዋርዴን፣ ማለት የምኖርበትን የከተማውን የምርጫ ክልል፣ እናገራለሁ። ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምፈልገውን፦ "የሕጉ ይህ አንቀጽ እንዲህ እንዲባል እጠይቃለሁ።" ቀጥሎ ቁጥሮቼን፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሌሊት እንዳከራየሁ፣ ስንት ግብር እንደተሰበሰበ፣ መድኔ የስንት እንደሆነ፣ ስንት ቅሬታ እንደቀረበብኝ። ከዚያ አንድ ታሪክ፤ አንድ ብቻ። ምስጋናው በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ። እንግሊዝኛው የከበዳችሁ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወይም በጽሑፍ ላኩ፤ መዝገቡ ከስብሰባው በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ይሆናል።

ምክር ቤቱ አሥራ ሦስት ሰው ነው። ከእነሱ በፊት ግን ሰፈራችሁ ውስጥ የአማካሪ ኮሚሽነር አላችሁ፤ ወደ ሁለት ሺህ ሰው የሚወክል፣ ደመወዝ የሌለው፣ ምናልባት በየቀኑ ውሻውን ይዞ በበራችሁ የሚያልፍ ጎረቤት። ኮሚሽናቸው በጽሑፍ የሰጠውን አስተያየት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ክብደት ሊሰጡት በሕግ ይገደዳሉ። ስብሰባቸው ላይ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከእነዚያ ጥቂቶች የሚበዙት ደግሞ ሻንጣ ቀስቅሷቸው የመጡ ናቸው። አንድ ምሽት ሄዳችሁ ተቀመጡ። አትናገሩ፤ ስሙ ብቻ። ስለ ቆሻሻ በርሜል፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ሌሊት ጫጫታ የሚባለውን ስትሰሙ፣ ከቤታችሁ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ፈቃድ ላወጣ ስነሣ በመጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ድፎ ዳቦ ይዤ። "እናቴ፣ ያኔ ዋሽቼዎታለሁ" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ፤ "ዘመድ ለዘመዱ ሻምፑ በትንሽ ጠርሙስ አያስቀምጥም፤ ቆሻሻህን አይቻለሁ።" ስልክ ቁጥሬን ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚመጣ እንግዳ ሻንጣውን ተሸክሞ እንጂ ጎትቶ እንዳይገባ በቤቱ ደንብ ላይ ጻፍኩ፤ ከበሩ ጀምሮ እስከ ደረጃው የላስቲክ ምንጣፍ ዘረጋሁ። ሰማንያ ሁለት ዶላር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ደውለውልኛል፤ እሱም እንግዳዬ የመኪናውን መብራት ሳያጠፋ ስለገባ ባትሪው እንዳያልቅበት ብለው ነው።

ባለፈው ወር ለኮሚሽነራችን የሚላክ ደብዳቤ ላይ እንዲፈርሙልኝ ጠየቅኳቸው። አነበቡትና መለሱልኝ። "የአንተን አልፈርምም፤ የራሴን እጽፋለሁ" አሉ። ጽፈዋል። ሦስት መስመር ናት፤ እዚህ ኪሴ ውስጥ አለች፤ ለማየት የምትፈልጉ በኋላ ኑ።

አሁን አንድ ወረቀት እየዞረ ነው። ስማችሁን፣ ፈቃድ ያላችሁ መሆን አለመሆናችሁን፣ ዋርዳችሁን ጻፉበት። ፈቃድ የሌላችሁ አትፈሩ፤ ወረቀቱ ከእኛ አይወጣም፤ ማክሰኞ ማታ ከቡና ጋር ቅጹን አብረን እንሞላለን። ዋርዳችሁን የማታውቁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ። ታክሲ የነዳችሁ ግን አናውቅም እንዳትሉኝ፤ የዞኑን ካርታ በቃላችሁ የያዛችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ዋርድ ስምንት ብቻ ነው።